የመረጃ ቴክኖሎጂ ለማኅበራዊ ልማት፤ ከወረዳ ጽሕፈት ቤት እስከ አርሶ አደሩ ማሳ

የኢንፎርሜሽንና ኮሙኒኬሽን ቴክኖሎጂ ድህነትን ለመቀነስ በሚደረገው ጥረት ውስጥ የሚኖረው ድርሻ በዓለም አቀፍ መድረክ ጎልቶ የተነሳው እ.ኤ.አ. በ2003 በጄኔቫ፣ በ2005 ደግሞ በቱኒስ በተካሄዱት የዓለም የኢንፎርሜሽን ኅብረተሰብ ጉባኤዎች ነበር። በበለጸጉትና በታዳጊ አገሮች መካከል ያለው የዲጂታል ክፍተት የጉባኤዎቹ ዋነኛ መነጋገሪያ ሆኖ አልፏል። በዚያን ጊዜ የነበረው ክርክር በአብዛኛው ያተኮረው ታዳጊ አገሮች ኮምፒዩተርና የግንኙነት መስመር እንዴት ያገኛሉ በሚለው ላይ ነው። መሣሪያው ከተገኘ በኋላ በወረዳና በቀበሌ ደረጃ የሚከናወነው ሥራ ምን መሆን እንዳለበት ግን ብዙም አልተነገረም።

ኢትዮጵያ በእነዚያ ዓመታት ያለፈችበት መንገድ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆኑ በርካታ ተሞክሮዎችን የያዘ ነው። የኢንተርኔት አገልግሎት በአገሪቱ የተጀመረው በ1989 ዓ.ም. ሲሆን የተንቀሳቃሽ ስልክ አገልግሎት የተከተለው በ1991 ዓ.ም. ነው። ሁለቱም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከአዲስ አበባና ከጥቂት ከተሞች የዘለለ ተደራሽነት አልነበራቸውም። በ1990ዎቹ አጋማሽ የመንግሥት ሥልጣንና በጀት ወደ ወረዳ እንዲወርድ ሲወሰን፣ አብዛኞቹ ወረዳዎች ከክልላቸው ጋር የሚገናኙት በመኪና በሚላክ ደብዳቤ፣ አለዚያም በሚቆራረጥ የስልክ መስመር ነበር። አንድ የበጀት ማስተካከያ ከክልል ተነስቶ ወረዳ እስኪደርስ ቀናት፣ አንዳንድ ጊዜም ሳምንታት ይወስድ ነበር።

ወረዳ ኔት የተዘረጋው ይህን ችግር ለመፍታት ነው። የመሬት ለመሬት ገመድ እስኪደርስ መጠበቅ ስለማይቻል ከ500 በላይ የሚሆኑ ወረዳዎች በሳተላይት አማካይነት ከአዲስ አበባና ከክልል ማዕከላት ጋር እንዲገናኙ ተደረገ። በየወረዳው ጽሕፈት ቤት የሳተላይት ሳህን ተተከለ፤ የቪዲዮ ኮንፈረንስ ክፍል ተዘጋጀ፤ ኮምፒዩተሮችም ገቡ። ከአዲስ አበባ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የሚገኝ የወረዳ አስተዳዳሪ ከሚኒስትር ጋር ፊት ለፊት ለመነጋገር መቻሉ ለጊዜው ትልቅ ለውጥ ነበር። ለስብሰባ የሚወጣው የነዳጅ፣ የአልጋና የውሎ አበል ወጪም ሊቀንስ ቻለ። አበል የሚያስቀር ስብሰባ በሁሉም ዘንድ በእኩል ደስታ ይታያል ማለት እንዳልሆነ ግን የሥራ መደቡን የሚያውቅ ሁሉ ይረዳዋል።

የመሠረተ ልማቱ ችግር ቀጥሎ የታየው በሥራ ላይ ሲውል ነው። የኤሌክትሪክ ኃይል በማይኖርበት ወረዳ ጄነሬተር ያስፈልጋል፤ ለጄነሬተሩ ነዳጅ፣ ለነዳጁ በጀት ያስፈልጋል። መሣሪያው ሲበላሽ የሚጠግነው ባለሙያ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በክልል ከተማ ነው። ከዚህም በላይ ሥርዓቱ የተቀረጸው አስተዳደርን ከአስተዳደር ለማገናኘት ነበር። መመሪያ ወደ ታች፣ ሪፖርት ወደ ላይ ይሄድበታል። ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ላይ ቆሞ ጉዳዩ እንዲፈጸምለት የሚጠብቀው አርሶ አደር በዚያ መስመር ላይ ቦታ አልነበረውም።

በዚያው ወቅት የተጀመረው የስኩል ኔት ፕሮግራም ያስገኘው ትምህርት ደግሞ የተለየ ነው። ከ1997 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ጀምሮ በአገሪቱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የፕላዝማ ቴሌቪዥን ተተክሎ በሳተላይት የሚሠራጭ ትምህርት መሰጠት ተጀመረ። ዓላማው በቂ የሒሳብና የሳይንስ መምህራን በሌሉባቸው አካባቢዎች የሚማሩ ተማሪዎች በአዲስ አበባ ካሉት ጋር አንድ ዓይነት ትምህርት እንዲያገኙ ማድረግ ነበር። በዓላማው ፍትሐዊነት የሚከራከር አልነበረም። ይሁን እንጂ ትምህርቱ የተዘጋጀው በደቡብ አፍሪካ፣ የሚሰጠውም በእንግሊዝኛ በመሆኑ የአነጋገሩ ቅላጼና ፍጥነት ለብዙ ተማሪዎች ከበዳቸው። ሥርጭቱ ቀጥታ ስለነበር መምህሩ ሊያቆመው ወይም ወደ ኋላ ሊመልሰው አይችልም። የክፍለ ጊዜውን አብዛኛውን ፕላዝማው ስለሚወስደው መምህሩ መግቢያና መደምደሚያ የሚናገርባቸው ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ቀሩለት። መብራት የጠፋ ዕለት ደግሞ የዚያ ቀን ትምህርት አለፈ ማለት ነው። ተማሪው ያልገባውን ለመጠየቅ እጁን ቢያወጣ የሚያየው ማያ ገጽ እንጂ የሚመልስለት አልነበረም። ፕላዝማውን ከክፍሉ አሠራር ጋር የሚያጣጥም ሰው የነበረው መምህሩ ነው፤ ፕሮግራሙ ሲቀረጽ ግን እርሱን ወደ ጎን ብሎታል። ጉድለቱም የመጣው ከዚህ እንጂ ከመሣሪያው አልነበረም።

ከሁለቱም ፕሮግራሞች በፊት ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛውን በየዕለቱ ሲያስቸግር የኖረ፣ በፖሊሲ ሰነዶች ግን ብዙ ቦታ ያልተሰጠው ሌላ ጉዳይ አለ። ይኸውም የፊደል ጉዳይ ነው። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ኮምፒዩተር የተጠቀመ ሁሉ፣ በአንድ ቢሮ በአማርኛ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላ ቢሮ ሲከፈት ትርጉም በሌላቸው የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ተሞልቶ ማየቱን ያስታውሳል። ምክንያቱ ቀላል ነው። የዚያን ጊዜዎቹ ኮምፒዩተሮች ለአንድ የፊደል ስብስብ የሚሰጡት ቦታ ከ256 አይበልጥም ነበር፤ ከዚያም ውስጥ ለፊደል የሚውለው ሁሉም አይደለም። የግዕዝ ፊደል ከነቁጥሩና ከነሥርዓተ ነጥቡ በዚያ ስለማይበቃ እያንዳንዱ የሶፍትዌር አዘጋጅ ፊደሎቹን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ በራሱ ቅደም ተከተል አሰፈራቸው። አንዱ “ሀ” ያኖረበት ቦታ ላይ ሌላው “ለ” አኖረ። በዚህም የተነሳ አንድ ፋይል የሚነበበው በተጻፈበት ፊደል ብቻ ነበር። በፊደል ተራ መደርደር፣ ስምን ፈልጎ ማግኘት፣ መረጃን ከአንድ መዝገብ ወደ ሌላ ማዛወር የሚሉት ተራ ሥራዎች አስቸጋሪ ሆነው ቆዩ።

መፍትሔው የተገኘው የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲካተት ነው። ለእያንዳንዱ ፊደል በዓለም ዙሪያ አንድ ቋሚ ቁጥር ተሰጠው፤ “ሀ” በየትኛውም ኮምፒዩተር “ሀ” ሆነ። ደረጃው ከወጣ በኋላ በሥራ ላይ እስኪውል ግን ዓመታት ወስዷል። የግዕዝ ፊደልን ያለ ተጨማሪ ሶፍትዌር የሚያሳየው የዊንዶውስ ዕትም ለተጠቃሚዎች የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2007 ነበር። በየመሥሪያ ቤቱ በቀድሞዎቹ ፊደላት ተጽፈው በዲስክ የተቀመጡ ሰነዶች ወደ አዲሱ ደረጃ ካልተለወጡ በስተቀር ዛሬ የማይነበቡ ናቸው።

ይህ የቴክኒክ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም። ውጤቱ እስከ አርሶ አደሩ ስልክ ድረስ ይዘልቃልና። አንድ አጭር የጽሑፍ መልእክት በላቲን ፊደል 160 ሆሄያትን ሲይዝ፣ በዩኒኮድ የሚጻፍ የአማርኛ መልእክት የሚይዘው 70 ብቻ ነው። በርካታ ርካሽ ስልኮች ለረጅም ጊዜ የግዕዝን ፊደል ከቶ አያሳዩም ነበር፤ በፊደሉ ምትክ ባዶ ሳጥኖች ይደረደራሉ። ድርጅቶች የአማርኛ መልእክታቸውን በላቲን ፊደል መጻፍ የለመዱት በዚህ ምክንያት ነው። ማንበብ ለማይችለው አርሶ አደር ደግሞ በየትኛውም ፊደል ቢጻፍ ልዩነት የለውም።

በ2006 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአርሶ አደሮች ነፃ የስልክ መስመር 8028 በድምፅ ላይ የተመሠረተ እንዲሆን የተደረገበትን ምክንያት ከዚህ መረዳት ይቻላል። አገልግሎቱን የዘረጋው በዚያን ጊዜ የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ተብሎ ይጠራ የነበረው ተቋም ከግብርና ሚኒስቴር፣ ከኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ተቋምና ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር በመተባበር ነው። አሠራሩ የተወሳሰበ አይደለም። አርሶ አደሩ 8028 ሲደውል ቋንቋ እንዲመርጥ ይጠየቃል፤ አገልግሎቱ ሲጀመር በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ ነበር። ቀጥሎ የሚፈልገውን ሰብል፣ ከዚያም ሰብሉ የደረሰበትን ደረጃ ማለትም የማሳ ዝግጅት፣ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ አረም ወይም አጨዳ እያለ ቁጥር በመጫን ይመርጣል፤ የተቀዳውንም ምክር ያዳምጣል። ጥሪው ገንዘብ አያስከፍልም። ውድ ስልክም፣ ኢንተርኔትም፣ ማንበብ መቻልም አይጠይቅም።

ቀላል መሆኑ ዋጋውን ከፍ ያደርገዋል። ለዚህ ማስረጃ የሚሆነው የስንዴ ዋግ ጉዳይ ነው። በ2003 ዓ.ም. የመኸር ወቅት ቢጫ ዋግ በአገሪቱ የስንዴ አብቃይ አካባቢዎች ተሠራጭቶ በስፋት ይዘሩ የነበሩትን ቁብሳና ጋላማ የተባሉ ዝርያዎች አጠቃ። ከዚያ በኋላ ቢጫ ዋግን የሚቋቋመው ዲገሉ የተባለ ዝርያ በብዙ ማሳ ላይ ተዘራ። በ2006 ዓ.ም. የመኸር ወቅት ግን አዲስ የግንድ ዋግ ዘር በባሌና በአርሲ ተከስቶ ዲገሉን ለይቶ መታው፤ በአንዳንድ ማሳዎች ላይ ጭራሽ የሚሰበሰብ ምርት አልተገኘም። የግንድ ዋግ ጠባይ እጅግ አስከፊ ነው። ለአጨዳ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ያማረ የነበረ ማሳ ግንዱ ተሰብሮና ፍሬው ኮስምኖ ሊገኝ ይችላል። የበሽታው ብናኝ በነፋስ ስለሚጓዝ አርሶ አደሩ በማሳው ላይ ምልክቱን ባየ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ዘግይቷል።

በመሆኑም ፀረ-ፈንገስ መድኃኒት መረጨት ያለበት በሽታው በማሳው ከመስፋፋቱ አስቀድሞ ነው። ይህ ደግሞ ማስጠንቀቂያን ይጠይቃል። የኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ተቋም ከዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ምርምር ማዕከል፣ ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲና ከብሪታንያ የሜትዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት ጋር በመተባበር ያቋቋመው የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት የሚሠራው በሦስት እርከን ነው። የመስክ ባለሙያዎች በየአካባቢው ማሳዎችን አይተው የበሽታውን ምልክት ይመዘግባሉ። ከዚያ ብናኙ ከተገኘበት ቦታ ተነስቶ ነፋሱ ወዴት ሊወስደው እንደሚችል፣ ዝናቡና ሙቀቱም ለመብቀል ይመቸው እንደሆነ በኮምፒዩተር ሞዴል ለሚቀጥሉት ሰባት ቀናት ይተነበያል። በመጨረሻም ትንበያው ወደ ግብርና ጽሕፈት ቤቶችና በስልክ መልእክት ወደ ልማት ሠራተኞችና አርሶ አደሮች ይላካል። 8028 ከተለመደው ምክር በተጨማሪ እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ የሚተላለፍበት መስመር ሆኖ አገልግሏል።

በእንዲህ ያለ ሥርዓት ውስጥ ከሁሉ የሚከብደው የመጨረሻው ጉዞ ነው። ሳተላይቱ፣ ሞዴሉና የስልኩ መስመር ሁሉ በሚገባ ቢሠሩና ማስጠንቀቂያው በሦስተኛው ቀን ለአርሶ አደሩ ቢደርሰው እንኳ መድኃኒቱና መርጫው በቀበሌው ከሌለ የሰባት ቀኑ ትንበያ አርሶ አደሩን ከማሳዘን ያለፈ ጥቅም አይኖረውም። የመድኃኒቱ ግዥ የሚጸድቀው፣ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን የሚሞላው፣ መኪናው የሚመደበው በሌላ ሥርዓት፣ በሌሎች ሠራተኞች፣ ብዙ ጊዜም በወረቀት ነው። የመረጃው ፍጥነት በቀን ሲቆጠር የግዥው ፍጥነት በወር የሚቆጠር ከሆነ ሁለቱ አይገናኙም። ለግብርና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ የሚጠቅመው ተጨማሪ ኮምፒዩተር ላይሆን ይችላል። ማስጠንቀቂያው በመጣ ዕለት የማንንም ፊርማ ሳይጠብቅ መድኃኒት ከመጋዘን ለማውጣት የሚያስችል የተወከለ ሥልጣን ሊሆን ይችላል።

የአስተዳደር አሠራርና ቴክኖሎጂ አብረው ሲለወጡ ምን እንደሚገኝ የሚያሳየው ጉልህ ምሳሌ ከሕንድ ካርናታካ ግዛት የሚገኘው ነው። ቡሚ በተባለው በዚህ ፕሮጀክት 6.7 ሚሊዮን ያህል ባለይዞታዎች የሚጠቀሙባቸው 20 ሚሊዮን ያህል የገጠር መሬት መዝገቦች በሁለት ሺዎቹ መባቻ ወደ ኮምፒዩተር ገብተዋል። ከዚያ በፊት መዝገቦቹ በ9 ሺህ ያህል የመንደር መዝገብ ያዦች እጅ ነበሩ። የሰብል ብድር ለማግኘት የመሬቱን መዝገብ ግልባጭ የሚያስፈልገው አርሶ አደር በመጀመሪያ ሰውየውን ፈልጎ ማግኘት፣ ካገኘውም በኋላ እጅ መንሻ ማዘጋጀት ነበረበት። መዝገቡ በአንድ ሰው ከረጢት ውስጥ ስለሚቀመጥ በመዝገቡ ላይ የተጻፈውን የሚያረጋግጥ ሌላ አካል አልነበረም።

ፕሮጀክቱ ከተሠራ በኋላ አርሶ አደሩ በወረዳ ደረጃ ወደሚገኘው መስኮት ሄዶ በ15 ሩፒ ግልባጩን መውሰድ ጀመረ። በውርስ ወይም በሽያጭ የባለይዞታ ስም እንዲዛወር ሲያመለክት ቁጥር ይሰጠዋል፤ ተራ ዘልሎ ሌላውን ማስቀደም እንዳይቻል ሥርዓቱ ጉዳዮችን በቀረቡበት ቅደም ተከተል ያስተናግዳል። በመዝገቡ ላይ ለውጥ የሚያጸድቀው ሹም በጣት አሻራው ስለሚገባ ለውጡን ያደረግሁት እኔ አይደለሁም ማለት አይችልም። ከሁሉም በላይ ወሳኝ የሆነው ግን ቴክኒካዊ ያልሆነ እርምጃ ነው። በአንድ ወረዳ መዝገቡ በኮምፒዩተር ከተጠናቀቀበት ቀን ጀምሮ በእጅ የተጻፈ ግልባጭ በሕግ ፊት ዋጋ እንዳይኖረው ተደረገ። አሮጌው መንገድ ባይዘጋ ኖሮ አዲሱ መስኮት ለታይታ የተቀመጠ ዕቃ ሆኖ በቀረ ነበር።

ስለ ቡሚ የሚነገረው ሁሉ ምስጋና አይደለም። ቀድሞ በመንደሩ ያገኘው የነበረውን አገልግሎት ለማግኘት አርሶ አደሩ ወደ ወረዳ ከተማ መጓዝ ግድ ሆኖበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ጥናት ደግሞ በባንጋሎር ዙሪያ መዝገቡ ግልጽ መሆኑ ከሁሉ በላይ የጠቀመው ሰፊ መሬት የሚፈልጉ ትልልቅ ገዢዎችን መሆኑን አመልክቷል። የተጣራ መረጃ ለሁሉም ክፍት ሲሆን መጀመሪያ የሚጠቀምበት ገንዘብና ጠበቃ ያለው ነው። ይህ በየትኛውም አገር የመሬት መረጃ ሥርዓት ሲዘረጋ በጥንቃቄ ሊታይ የሚገባው ነጥብ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ የገጠር መሬት ምዝገባ የተጀመረው በትግራይ በ1990 ዓ.ም. ሲሆን በሌሎች ክልሎች በቀጣዮቹ ዓመታት ተስፋፍቷል። አንደኛ ደረጃ የሚባለው ምዝገባ በአነስተኛ ወጪ፣ በገመድ ልኬትና በጎረቤት ምስክርነት የተከናወነ ነበር። በአማራ ክልል በይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ አብሮ እንዲሰፍር መደረጉ ሴቶች በፍቺና በውርስ ጊዜ መሬታቸውን እንዳያጡ ከፍተኛ ጥቅም ሰጥቷል። ድክመቱ የታየው ከምዝገባው በኋላ ነው። ባለይዞታው ሲሞት፣ ሲፋታ፣ ለልጁ ሲያካፍል ወይም መሬቱን ሲያከራይ ለውጡ በወረቀት መዝገቡ ላይ አልሰፈረም፤ መዝገቡም ከዓመት ዓመት ከእውነታው እየራቀ ሄደ። ሁለተኛ ደረጃ ምዝገባ በአየር ፎቶግራፍ የእያንዳንዱን ማሳ ወሰን በካርታ ላይ የሚያሰፍር ሲሆን መረጃውም በብሔራዊ የገጠር መሬት አስተዳደር የመረጃ ሥርዓት ውስጥ እንዲገባ ተደርጎ የተዘጋጀ ነው። ከካርታው ጥራት ይልቅ ፈተናው ያው ነው፤ ነገ የሚወለደውን ለውጥ ማን፣ በየትኛው ቀን፣ በምን ያህል ክፍያ ይመዘግበዋል የሚለው።

በጤናው ዘርፍ መረጃን በሚሰበስበው ሠራተኛ ላይ የሚወድቀው ሸክም ጎልቶ ይታያል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ30 ሺህ በላይ ባለሙያዎችን፣ አብዛኞቹን ሴቶች፣ በየቀበሌው ሁለት ሁለት አድርጎ አሰማርቷል። ባለሙያዎቹ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ማህደር ይይዛሉ። ክትባት ወይም የእርግዝና ክትትል የሚቀረው ሰው ካርድ ቀጠሮው በሚውልበት ወር ክፍል ውስጥ ይቀመጣል፤ በወሩ መጨረሻ እዚያው ቀርቶ የተገኘ ካርድ ቤቱ ድረስ ተኪዶ ሊፈለግ የሚገባው ሰው ነው ማለት ነው። ያለ አንዳች ኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ እጅግ ብልህ ዘዴ ነው። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ በጤና ተቋማት ዲኤችአይኤስ ሁለት የተባለው የመረጃ ሥርዓት ሲዘረጋ፣ በማኅበረሰብ ደረጃም ማህደሩን ወደ ታብሌት የሚያዛውረው የኤሌክትሮኒክ የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት ተከትሎታል። ታብሌቱ ኔትወርክ በሌለበት መዝግቦ ይይዛል፤ ኔትወርክ ሲያገኝ ያስተላልፋል።

የዚህ ሥርዓት ፋይዳ የሚለካው ባለሙያዋ ከታብሌቱ ምን ታገኛለች በሚለው ነው። በዚህ ሳምንት ክትትል የሚያስፈልጋቸውን እናቶች ዝርዝር በጠዋቱ ከሰጣት የዕለት ሥራዋን ያቀልላታል። በወረቀት የመዘገበችውን ደግማ በታብሌት እንድትመዘግብ፣ ከዚያም ለወረዳው በሌላ ቅጽ እንድትሞላ የሚያስገድዳት ከሆነ ግን በሳምንት ውስጥ ቤት ለቤት የምትዞርበትን ሰዓት ይወስድባታል። በመሸጋገሪያ ጊዜ ሁለቱንም መያዝ አስፈላጊ ሊሆን ይችላል፤ ሽግግሩ የሚያበቃበት ቀን በጽሑፍ ካልተቆረጠ ግን ድርብ ምዝገባው መደበኛ ሥራ ሆኖ ይቀራል። በካርናታካ የእጅ ጽሑፉን ግልባጭ ዋጋ ያሳጣው ውሳኔ እዚህም ላይ ይታወሳል።

በቅርብ ዓመታት የዘርፉ ሕጋዊና ተቋማዊ መሠረት በእጅጉ ሰፍቷል። የመጀመሪያው የኢንፎርሜሽንና ኮሙኒኬሽን ቴክኖሎጂ ፖሊሲ በ2001 ዓ.ም. ከጸደቀ በኋላ፣ በ2012 ዓ.ም. ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 የተሰኘው ስትራቴጂና የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ወጥተዋል። በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ሲጀምር በ2015 ዓ.ም. ሁለተኛው የቴሌኮም ድርጅት ወደ ገበያው ገብቷል። ፋይዳ የተሰኘው የዲጂታል መታወቂያ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት አግኝቷል፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ መሶብ የተሰኘው የአንድ ማዕከል አገልግሎት በአዲስ አበባ ተከፍቷል።

ለመንግሥት ሠራተኛው ከሁሉ ይበልጥ በቅርብ የሚመለከተው ግን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ነው። የወረቀት መዝገብ በመሳቢያ ተቆልፎ በሚቀመጥበት ዘመን የአንድን ሰው የጤና ሁኔታ፣ የመሬት ይዞታና የገንዘብ እንቅስቃሴ አንድ ላይ አስቀምጦ ማየት የሚችል ሠራተኛ አልነበረም። መዝገቦቹ በአንድ የመታወቂያ ቁጥር ሲተሳሰሩ ይህ የሚቻል ይሆናል። በመሆኑም የቢሮ ኃላፊ የይለፍ ቃሉን ለጸሐፊው ሰጥቶ መውጣቱ ቀድሞ ልማድ ሊባል ይችል ነበር፤ አሁን የሌሎች ሰዎችን ምስጢር አሳልፎ መስጠት ነው። የጣት አሻራ ሹሙን ተጠያቂ የሚያደርገው አሻራው በእርግጥም የእርሱ ከሆነ ብቻ ነው።

ተራ የሚመስሉ የቅጽ ጥያቄዎችም እንደዚሁ ሊመረመሩ ይገባል። በአገሪቱ ገጠር ስልክ ያላቸው ሴቶች ቁጥር ከወንዶቹ ያነሰ ነው። የመሬት ደብተሩ በባልና በሚስት ስም ወጥቶ፣ በኮምፒዩተሩ መዝገብ ላይ ግን የሚሰፍረው ስልክ ቁጥር የባልየው ብቻ ሲሆን፣ በይዞታው ላይ የኪራይ ወይም የዝውውር ጥያቄ ሲቀርብ የሚላከው ማሳወቂያ ወደ አንዱ ብቻ ይሄዳል። በቅጹ ላይ ሁለተኛ የስልክ ቁጥር መስመር መጨመር፣ ስልክ ለሌላት ሚስት ደግሞ ማሳወቂያው በቀበሌው የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ በኩል በአካል እንዲደርሳት ማድረግ፣ ከወረዳ ጽሕፈት ቤት አቅም በላይ ያልሆነ፣ በአንድ የውስጥ መመሪያ ሊወሰን የሚችል ጉዳይ ነው።